ጥያቄው ከባሕር ማዶ፥ መልሱ ከናይሮቢ

በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የማህተማ ጋንዲ ሐውልት ቆሞ ይታያል፤ የቆመበትም ምክንያት እንዲህ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በምሥራቅ አፍሪካ የሚኖሩት ሕንዶች ለጋንዲ መታሰቢያ የሚሆን ኮሌጅ ለማቋቋም ገንዘብ ሲያሰባስቡ፥ የእንግሊዝ መንግሥት ደግሞ በበኩሉ በ1951 የንጉሥ ቻርተር ሰጥቶ በዚያችው ከተማ የቴክኒክ ኮሌጅ ለመክፈት ተነሥቶ ስለ ነበር፥ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ከተማ ሁለት ደካማ ኮሌጆች ከሚቆሙ አንዱን አጠንክሮ ማቆም ይሻላል ብለው በ1954 ተስማሙ፤ ኮሌጁም በ1956 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች በተቀበለበት ዓመት የሕንድ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ፈላስፋው ሳርቬፓሊ ራዳክሪሽናን መጥተው ሐውልቱን መረቁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሐውልቱን ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። ጋንዲ የገዛ ሕይወቱን በተረከበት መጽሐፍ ውስጥ፥ በራጅኮት ከተማ ተማሪ ሳለ ጃይልስ የሚባል የትምህርት መርማሪ መጥቶ አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት እንዳስጻፋቸው፥ እርሱም የማንቆርቆሪያን ስም በስሕተት እንደ ጻፈ፥ መምህሩ ይህን አይቶ በጫማው ጫፍ እየነካካ ከጎረቤቱ ሰሌዳ እንዲገለብጥ ምልክት እንዳሳየው፥ ብላቴናው ግን መምህር በተማሪዎች መካከል የሚዘዋወረው ኩረጃን ለመከልከል ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር ምልክቱ ሊገባው እንዳልቻለ ይናገራል። ከእርሱ በቀር ሁሉም ሳይሳሳቱ ጽፈው ተገኙ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከብላቴናው ቅንነት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የመምህሩ ነገር ነው። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጋንዲም ከዚያ ቀን በኋላ ለእርሱ የነበረው አክብሮት እንዳልቀነሰ ይመሰክራል። ነገር ግን ፈራጁ ከውጭ የመጣ፥ ፍርዱም በተማሪው ላይ ብቻ ሳይሆን በመምህሩም ላይ የሚወድቅ በመሆኑ፥ ዕውቀትን ያስተምር ዘንድ የተሾመው ሰው ዕውቀትን ትቶ ለውጤት ዘበኛ ሆነ። የናይሮቢን የፈተናና የማርክ ታሪክ ከካምብሪጅ የታሸገ ወረቀት አንሥቶ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው እስከሚሰጠው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ትምህርት ድረስ ለተከታተለ ሰው፥ ይኸው ነገር በየዘመኑ መልኩን እየለወጠ ሲመላለስ ይታየዋል።

ናይሮቢ የተቈረቈረችው የባቡር ሐዲድ በ1899 በደረሰባት ጊዜ እንደ መሆኑ መጠን ዕድሜዋ ከአዲስ አበባ ያንሳል፤ የዘመናዊ ትምህርቷም ሥር ከሚስዮን ትምህርት ቤቶች የተነሣ ነው። ከከተማይቱ ወጣ ብሎ በኪኩዩ በ1926 የተከፈተውን የአላያንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከ1940 እስከ 1962 ያስተዳደሩት ኬሪ ፍራንሲስ የካምብሪጅ የሒሳብ ሊቅ ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸውም ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ የሚፈተኑት የካምብሪጅን ፈተና ነበር። ጥያቄው በእንግሊዝ አገር ይዘጋጃል፤ ታሽጎ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ ማኅተሙ በተፈታኞች ፊት ይፈታል፤ መልሱም እንደ ገና ታሽጎ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ወራት ካለፉ በኋላ ውጤቱ ይደርሳል። የዚህ ሥርዓት ምስጋናው አራሚው ተፈታኙን የማያውቀው በመሆኑ ፊት አይቶ ለማድላት አለመቻሉ ነው፤ በቅኝ አገዛዝ ሥር ለነበረ አፍሪካዊ ልጅ ይህ ታላቅ ነገር ነበረ፤ ምክንያቱም በናይሮቢ መንገድ ላይ ከነጭ ልጅ ጋር እኩል ሊቆም ያልተፈቀደለት፥ በመልስ ወረቀት ላይ ግን እኩል ይቆም ነበርና። ነውሩ ደግሞ ከዚያው ከምስጋናው ይወለዳል፤ አራሚው ተፈታኙን የማያውቀው ከሆነ፥ ያንን መልስ የጻፈው ማን እንደ ሆነ የሚያውቀው በአዳራሹ ውስጥ የቆመው ጠባቂ ብቻ ነው። ጠባቂው ከዓይኑ ያመለጠውን ነገር ካምብሪጅ ተቀምጦ ሊያገኘው አይችልም።

ኮሌጁ በ1961 የናይሮቢ ሮያል ኮሌጅ ተብሎ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሞግዚትነት ዲግሪ መስጠት ሲጀምርም ነገሩ ከዚህ ብዙ አልራቀም፤ ተማሪው በናይሮቢ ተምሮ የሚመረቀው በለንደን ዲግሪ ነበርና። 

በነጻነት ዘመን የሦስቱ አገሮች ኮሌጆች፥ ማለት የካምፓላው ማኬሬሬ፥ የዳሬ ሰላሙና የናይሮቢው፥ በ1963 የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ተብለው በአንድነት ቆሙ፤ ጁሊየስ ኔሬሬም ቻንስለር ሆኑ። በ1970 ግን እያንዳንዱ ለብቻው ሲወጣ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ስም ዲግሪ መስጠት ጀመረ። የማርክ አሰጣጡ ሥርዓት ሳይለወጥ ከእንግሊዝ እንደ ተወረሰ ቀረ። ከመቶ 70 ያገኘ ኤ፥ 60 ያገኘ ቢ፥ 50 ያገኘ ሲ፥ 40 ያገኘ ዲ ይባላል፤ ከ40 በታች የወደቀ ነው። ከመቶ 70 የአማካይ ተማሪ ማርክ በሚሆንበት አገር ለተማረ ኢትዮጵያዊ ይህ መዓርግ አሰጣጥ እንግዳ ነው፤ ነገር ግን የእንግሊዝ አራሚ ሰማንያን እንኳ በብርቱ ስስት የሚሰጥ እንደ መሆኑ፥ በናይሮቢ 70 ማግኘት የአንደኛ መዓርግ ተመራቂነት ነው። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚጋበዝ የውጭ ፈታኝም መጥቶ የታረመውን ወረቀት ይመረምራል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለምንነጋገርበት ጉዳይ ዋናው ሌላ ክፍፍል ነው። በኬንያ ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት የጸናው ልማድ ከመቶው 30 በትምህርቱ ወራት ውስጥ በሚሰጡ ፈተናዎችና የቤት ሥራዎች፥ ተማሪዎቹ ካት በሚሉት፥ እንዲገኝ፥ የቀረው 70 ግን በመጨረሻ በጠባቂዎች ፊት በአዳራሽ ተቀምጦ በሚጻፍ ፈተና እንዲሰጥ ነው። ይህ ክፍፍል፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ የእምነት መጠን መለኪያ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን በዓይኑ ሳያይ ሊያምነው የደፈረው ቢበዛ እስከ 30 ድረስ መሆኑን ይናገራልና። የጽሕፈት፥ የታሪክ ወይም የሕግ ትምህርት በዚህ ልክ ሊኖር ችሏል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ትምህርት በመጣ ጊዜ ግን ልኩ ጠበበ።

በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ1977 ነው፤ ትምህርቱም የሚሰጠው በቺሮሞ ግቢ ነው። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር በአንድ ክፍል ተዘግቶበት የሚቀመጥ፥ ተማሪው የማይነካው ግዙፍ ነገር ነበረ። ፕሮግራም መጻፍ እንደ ዜማ ሁሉ በመስማት ብቻ የማይገኝ፥ እየሞከሩ፥ እየተሳሳቱ፥ ስሕተቱን ራሱ ማሽኑ እየነገረ፥ ሌሊት አምሽተው የሚማሩት ጥበብ ነው፤ ስለዚህም ከአዳራሹ ፈተና ይልቅ የቤት ሥራው የትምህርቱ ልብ ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን ልቡን በ30 ገምቶ 70ውን ለአዳራሹ ሰጠው፤ በአዳራሹም ለመቶዎች የሚበቃ ኮምፒዩተር ስለማይገኝ፥ ተማሪዎች ፕሮግራምን በእስክሪብቶ በወረቀት ላይ እየጻፉ የሚፈተኑበት ልማድ ጸና። ይህ ልማድ በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም የታወቀ ነው። በወረቀት የተጻፈ ፕሮግራም ሠርቶ አይታይም፤ አራሚውም በዓይነ ልቡናው እያስኬደ ነጥብ ያስቀምጣል። ይህን ያህል ድካም የሚደክመው ለምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ ቢያንስ የጻፈው ማን እንደ ሆነ በእርግጥ ይታወቃል።

ፕሮግራምን በማሽን ማረም ግን ከናይሮቢው ኢንስቲትዩት የሚቀድም ዕድሜ አለው። በ1960 በአሜሪካ በሬንሰላር የቴክኒክ ኢንስቲትዩት ጃክ ሆሊንግስዎርዝ የሚባል መምህር፥ ተማሪዎቹ በተበሱ ካርዶች ያቀረቧቸውን ፕሮግራሞች አይቢኤም 650 በተባለው ኮምፒዩተር የሚያርም ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ማሽኑ መልሱ ትክክል መሆኑን ያውቃል፤ መልሱ የማን እንደ ሆነ ግን አያውቅም። ይህንንም ለማወቅ የመጀመሪያው ጥረት የመጣው ከ16 ዓመት በኋላ ነው፤ በ1976 በፐርድዩ ዩኒቨርሲቲ ካርል ኦተንስታይን በፎርትራን ቋንቋ በተጻፉ ፕሮግራሞች ውስጥ ያሉትን የስሌት ምልክቶችና ስሞች እየቆጠረ፥ የሁለት ፕሮግራሞች ቁጥር አንድ ሆኖ ሲገኝ ሁለቱን ጽሑፎች ለመምህሩ ምርመራ ያቀርብ ነበር። በ1994 ደግሞ አሌክስ አይከን የሠራው ሞስ የተባለ መሣሪያ ነገሩን ወደ ፊት ወሰደው፤ ተማሪው የተለዋዋጮችን ስም ቢቀይር፥ መስመሩን ቢያፈራርቅ፥ ማብራሪያውን ቢሰርዝ፥ ሞስ የፕሮግራሙን አጥንት ስለሚያይ አይታለልም። ይሁን እንጂ ሠሪው ራሱ መሣሪያው የሚያሳየው መመሳሰልን ብቻ እንደ ሆነ፥ ፍርዱ የሰው ሥራ መሆኑን ገልጾ ተናግሯል።

ይህን ማስጠንቀቂያ ብዙ መምህራን ችላ ይሉታል፤ እጅግ ያሳዝነኛል። ሁለት ተማሪዎች ስለ ዓድዋ ጦርነት አንድ ዓይነት አንቀጽ ቢጽፉ አንዱ ከአንዱ እንደ ወሰደ ያለ ጥርጥር እናውቃለን፤ አሥር ቁጥሮችን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩ የተባሉ ሁለት ጀማሪዎች ግን ሳይተያዩ አንድ ዓይነት ነገር ሊጽፉ ይችላሉ፤ ትንሽ ጥያቄ መንገዱ ጥቂት ነውና። በሌላ በኩል ደግሞ ኬንያ መተጋገዝን በመንግሥቷ አርማ ላይ የጻፈች፥ ጆሞ ኬንያታ ሐራምቤ እያሉ ሕዝቡን በጋራ ትምህርት ቤት ያሠሩባት አገር ናት፤ እንደ እኛ ደቦ ማለት ነው። ከእንዲህ ያለ ማኅበር የወጣ ተማሪ ለጓደኛው ፕሮግራሙን ሲያሳይ ሌብነት እየሠራ እንደ ሆነ በልቡ አይመሰክርበትም። ስለዚህ ፍትሕ ርትዕ የሚሻ መምህር በሕገ ልቡና ብቻ ተማምኖ ዝም ማለት አይገባውም፤ ሐሳቡን ተወያዩበት፥ ሲጽፉ ግን ለየብቻችሁ ጻፉ፥ የረዳችሁን ሰው ስም በፕሮግራሙ ራስ ላይ አስቀምጡ የሚል ግልጽ ድንጋጌ በመጀመሪያው ቀን ሊያነብላቸው ይገባል። ያልተነገረ ሕግ ተላለፍህ ተብሎ የሚቀጣ ተማሪ የሚማረው ፍርሃትን እንጂ ሐቀኝነትን አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው የቁጥር ዘመን ነው። በ1985 የተጀመረው የስምንት፥ አራት፥ አራት ዓመት ሥርዓተ ትምህርት የመጀመሪያ ፍሬዎች በ1990 ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ ከአሮጌው ሥርዓት የመጨረሻ ተማሪዎች ጋር ስለ ተገናኙ ግቢዎቹ በአንድ ጊዜ ሞሉ፤ በ1998 ደግሞ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በራሳቸው ገንዘብ የሚማሩ ተማሪዎችን በሌላ መርሐ ግብር መቀበል ጀመረ። ሃያ ተማሪ ያለው መምህር የእያንዳንዱን እጅ ጽሕፈት፥ የእያንዳንዱን የስሕተት ልማድ ያውቃል፤ ሦስት መቶ ያለው ግን ፊታቸውን እንኳ አያውቅም። እንግዲህ የካምብሪጁ አራሚ በባሕር ርቀት ምክንያት የነበረበት ዕውርነት፥ በዚያው በናይሮቢ ክፍል ውስጥ ለቆመው መምህር በብዛት ምክንያት ደረሰበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በ2006 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ቶማስ ላንካስተርና ሮበርት ክላርክ የተባሉ ሁለት የኮምፒዩተር መምህራን፥ ፕሮግራም ጸሐፊዎች በኢንተርኔት ሥራ የሚጫረቱበትን አንድ ገበያ ሲመረምሩ፥ ከቀረቡት ሥራዎች ከአሥሩ ከአንድ የሚበልጠው ተማሪዎች የቤት ሥራቸውን በገንዘብ ለማሠራት ያወጡት መሆኑን አገኙ። በውል የሚፈጸም ኩረጃ ብለው ስም ያወጡለት እነርሱ ናቸው። አንባቢ ልብ ይበል፤ ዓለም ስለዚህ ንግድ ሲያወራ የሚያስበው ድርሰትን ነው፤ መጀመሪያ የተገኘው ግን በፕሮግራም ትምህርት ክፍል ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ2009፥ ሲኮምና ቲምስ የተባሉት የባሕር ሥር ገመዶች ሞምባሳ ደረሱ። እስከዚያ ድረስ ኬንያ ከዓለም ጋር የምትገናኘው በሳተላይት ስለ ነበር ኢንተርኔት ውድና ዝግተኛ ነበረ፤ ኤም-ፔሳ የተባለው በስልክ ገንዘብ የመላኪያ ዘዴ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ በየሱቁ ይሠራ ነበር። እንግሊዝኛን ጠንቅቆ የተማረ፥ ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ ወጣት በብዛት በሚገኝባት ከተማ፥ ፈጣን መስመርና ቀላል የገንዘብ መንገድ በአንድነት ሲገናኙ ንግዱ መወለዱ አያስገርምም። በቲካ መንገድ ዳር በሮይሳምቡና በካሃዋ፥ በኬንያታ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ፥ የቤት ኪራይ ረከስ በሚልባቸው ፎቆች ውስጥ፥ ወጣቶች አካዳሚክ ራይቲንግ በሚሉት ሥራ ሌሊቱን ሙሉ ይተጋሉ። በኒው ዮርክ ተማሪው ሲተኛ በናይሮቢ ይነጋልና፥ ማታ የተላከ ጥያቄ ጠዋት ተመልሶ ይገኛል። የአሜሪካን ታሪክ፥ የነርስነት ትምህርት፥ የእንግሊዝ ሕግ፥ በጃቫ ወይም በፓይተን የሚጻፍ ፕሮግራም፥ ሁሉም ይሠራል። ሥራውን በሚያቀብሉት የኢንተርኔት ድርጅቶች ዘንድ መልካም ስም ያለው አካውንት ራሱ ዕቃ ሆኖ ይሸጣል፥ ይከራያል፤ ባለ አካውንቱ ድርሻውን ቆርጦ የቀረውን ለጻፈው ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ያለው ደላላ ከሁሉ የሚበልጠውን ይይዛል።

ኒው ዮርክ ታይምስ በ2019 ይህን ጉዳይ በሰፊው ጻፈ። በኬንያ የተወለዱት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቅ ፕሮፌሰር ፓትሪሺያ ኪንጎሪም ስለ እነዚሁ ጸሐፊዎች ባደረጉት ምርምር ላይ ተመሥርቶ ኤሎዊዝ ኪንግ ያዘጋጀችው ዘጋቢ ፊልም በ2024 ለእይታ ቀረበ። ከዚህ ሁሉ ምስክርነት በኋላ ማንም ሊክደው የማይችለው ነገር አለ። ቀድሞ ጥያቄው በእንግሊዝ ተዘጋጅቶ ናይሮቢ ይደርስ፥ የኬንያ ልጅ ይመልስ፥ መልሱም ወደዚያው ይሄድ ነበር፤ ዛሬም ጥያቄው ከዚያው ይመጣል፥ የኬንያ ልጅ ይመልሳል፥ መልሱም ወደዚያው ይሄዳል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ዘመን መዓርጉ ለመለሰው ተሰጠ፥ በሁለተኛው ዘመን መዓርጉ ለከፈለው ይሰጣል። የለንደንን ዩኒቨርሲቲ ማርክ በእጁ የሚያገኝ ዕውቀት ያለው ሰው፥ የለንደንን ዩኒቨርሲቲ በር ግን በቪዛና በገንዘብ ምክንያት ተዘግቶበት ያገኘዋል።

እኔ ጸሐፊውን ከበደል ነጻ ነው አልልም፤ የሚሠራው ሥራ ሐሰተኛ ምስክርነት እንደ ሆነ እያወቀ የሚተባበር ተካፋይ ነው፤ በእርሱ ፕሮግራም ተመርቆ ነገ የሆስፒታል ወይም የባንክ ኮምፒዩተር የሚያዝዝ ሰው የሚያደርሰው ጥፋት ከእርሱ ራስ አይወርድም። ነገር ግን በፍርድ ቅደም ተከተል መጀመሪያ የሚቆመው ገዢው ተማሪ፥ ቀጥሎም ሥራውን የሠራው ማን እንደ ሆነ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቅ ኤ ጽፎ የሚያሳልፈው ዩኒቨርሲቲ ነው። ኒው ዚላንድ በ2011፥ አውስትራሊያ በ2020፥ እንግሊዝ በ2022 ያወጧቸው ሕጎች የሚቀጡት አገልግሎቱን የሚሰጠውንና የሚያስታውቀውን ሲሆን፥ የገዛውን ተማሪ ለዩኒቨርሲቲው ተግሣጽ ይተውታል። ይህ ሚዛን ለእኔ የተስተካከለ ሆኖ አይታየኝም።

ኬንያ በገዛ ቤቷ ያደረገችውን ጥረትም ሳልጠቅስ ባልፍ ሚዛኔ ይዛባል። በ2015 የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና በየስልኩ ተሰራጭቶ የብዙ ሺህ ተማሪዎች ውጤት ከተሰረዘ በኋላ፥ በ2016 የትምህርት ሚኒስትሩ ፍሬድ ማትያንጊ የአገሪቱን የፈተናዎች ምክር ቤት ቦርድ በትነው በምትኩ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ምክትል ቻንስለር የነበሩትን የቀዶ ጥገና ሐኪም ጆርጅ ማጎሃን ሊቀ መንበር አደረጉ። ወረቀቱ ሁለት ቁልፍ ባለው የብረት ኮንቴይነር ተቆለፈ፤ ቁልፎቹም ለሁለት ሹማምንት ተከፋፈሉ። በ2015 ከ2,600 በላይ የነበሩት ሙሉ ኤ ያገኙ ተማሪዎች በ2016 ወደ 141 ወረዱ። በአገራችንም በ2022 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰብስበው ሲፈተኑ ግማሹን ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸውን እናስታውሳለን። ኮንቴይነርና ዘበኛ የሚጠብቁት ግን በአዳራሽ የሚጻፈውን ነው። በኬንያ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚፈተን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከሁለቱ ወረቀቶች በተጨማሪ በወራት የሚሠራው ሦስተኛ ክፍል፥ ፕሮጀክት፥ አለበት፤ በወራት የሚሠራን ነገር ደግሞ የሚቆልፍ ሳጥን አልተገኘም።

በኅዳር 2022 ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ሲከፈት የናይሮቢ ጸሐፊዎች ትእዛዝ እንዳነሰባቸው ብዙ ጋዜጦች ዘገቡ፤ ፕሮግራምን የሚያሟላ ኮፓይለት የተባለው መሣሪያ ደግሞ ከዚያ በፊት ጀምሮ ይሠራ ነበር። ገዢው አልጠፋም፤ ርካሽ ሻጭ አገኘ እንጂ። ሞስም በዚህ ፊት አቅም የለውም፤ በገንዘብ የተጻፈም ሆነ በማሽን የተወለደ ፕሮግራም አዲስ ነውና፥ የሚያስተያዩት መንትያ አይገኝለትም።

መፍትሔ ፍለጋ ከተሞከሩት ሁሉ ሁለት ነገሮች ልቤን ይስባሉ። አንደኛው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ማላን የሚያስተምረው ታዋቂ የፕሮግራም መግቢያ ትምህርት በ2014 የደነገገው ነው፤ ያልተፈቀደ ነገር ሠርቶ ያስረከበ ተማሪ በ72 ሰዓት ውስጥ ራሱ መጥቶ ቢናዘዝ፥ የዚያ ሥራ ማርክ ሊቀንስበት ወይም ሊሰረዝበት ይችላል፥ ነገር ግን ለዩኒቨርሲቲው የቅጣት ጉባኤ አይሰጥም። ንስሐና ቀኖና ምን እንደ ሆነ በልጅነቱ ለተማረ አማኝ የዚህን ድንጋጌ ጥበብ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሌሊት በጭንቀት የሠራውን በማግሥቱ የሚጸጸትበት ተማሪ መመለሻ በር ይከፈትለታል፥ ቅጣቱንም ሳይቀር ይከፍላል።

ሁለተኛው የቃል ፈተና ነው። የዚህን ዋጋ ለማወቅ ወደ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በዋሸራም በጎንጅም የቅኔ ተማሪ ለብቻው ተቀምጦ ሲቆጥር ይውልና ማታ በመምህሩ ፊት ቆሞ ቅኔውን ያቀርባል፤ መምህሩ ሰሙን ይጠይቀዋል፥ ወርቁን ይጠይቀዋል፥ አገባቡን ይፈትሸዋል፤ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ እንዲህ እየተጠየቀ ይወጣል። የሰው ቅኔ ይዞ የመጣ ተማሪ በሁለተኛው ጥያቄ ይታወቃል። ለናይሮቢም ነገሩ ባዕድ አይደለም፤ በ1968 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፥ ሄንሪ ኦውር-አንዩምባና ታባን ሎ ሊዮንግ የእንግሊዝኛ ክፍል ይሻር፥ የአፍሪካ የቃል ሥነ ጽሑፍ በትምህርቱ ማእከል ይቁም ብለው የጻፉት በዚህችው ዩኒቨርሲቲ ሆነው ነው። በመጨረሻው ዓመት ፕሮጀክትም ተማሪው በመምህራን ፊት ቆሞ የሠራውን ያስረዳል። ሆኖም ይህ የሚሆነው ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ነው፤ መሠረት በሚጣልበት በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ መምህሩ በብዛት ተጨንቆ ሳይጠይቅ ያሳልፋል።

ሦስት መቶ ተማሪ እንዴት በቃል ይጠየቃል የሚል ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፤ እውነትም ከባድ ነው። ነገር ግን አሥር ደቂቃ ለአንድ ተማሪ ቢሰጥ፥ ይህችን መስመር ብናነሣት ምን ይሆናል፥ ይህ ቁጥር ባዶ ቢሆን ፕሮግራምህ ምን ይመልሳል ተብሎ ቢጠየቅ፥ የረዳት መምህራን እጅ ቢጨመርበት፥ በአንድ ሴሚስተር አንድ ጊዜ ሁሉንም ማዳረስ ይቻላል፤ ለዚህ የሚወጣው ሰዓት በወረቀት የተጻፉ ፕሮግራሞችን በዓይን ለማስኬድ ከሚባክነው አይበልጥም። ስለዚህ በናይሮቢም በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም ፕሮግራም የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፥ ለሚመጣው ዓመት የማርክ ክፍፍላችሁን በምትጽፉበት ጊዜ፥ የተፈቀደውንና የተከለከለውን በግልጽ ቃል አስፍሩ፥ ለሚናዘዝ ተማሪ በር ተዉ፥ ከመቶውም ከሠላሳ ያላነሰውን ተማሪው የገዛ ፕሮግራሙን በፊታችሁ ቆሞ ለሚያስረዳበት ፈተና ስጡ።